የተቀደደ ሹራብ ዋስትና

ሰው መርካቶ ሲገባ ኪሱን ይዳብሳል። እኔ የምጠረጥረው ዓይኔን ነው። አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል።

ስለ ወጣትነቴ ብዙ አላወራም። አትክልት ተራ ኩሊ ነበርኩ፤ ይበቃል። የድንቹም የሽንኩርቱም ጆንያ በጀርባዬ አልፏል። ሃያ ዓመቴን ስይዝ ወገቤ ስልሳ ሞልቶት ነበር። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መሸጥ ተመኘሁ። መቆም ብቻ! ለእኔ ያ ሥራ ሳይሆን ዕረፍት ነበር።

ችግሩ ዋስ ነው። መርካቶ ሻጭ ሆኖ ለመቀጠር ዋስ ያስፈልጋል። ዕቃ ይዘህ ብትጠፋ ማንን እንያዝ ይሉሃል። እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ አባት የለኝ፣ አጎት የለኝ። የማውቀው ሰው ሁሉ ተሸካሚ ነው። አራት ሱቅ ጠየቅሁ። አራቱም ዋስህን ይዘህ ና አሉኝ። እስካሁን እየጠበቁኝ ይሆናል።

አንድ ቀን ዱባይ ተራ የሚከፈት አዲስ ጫማ ቤት ሻጭ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። ከጓደኛዬ ኮት ተዋስኩ። እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል። ቢሆንም ኮት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የመርካቶ ሰው ልብስ የሚያነበው ገልብጦ ነው። ሱፍ ለብሶ ጫማው የሚያብረቀርቀው ደላላ ነው፤ ያውም ቁርሱን ያልበላ። ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደው፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገው ሽማግሌ ግን የሕንጻው ባለቤት ነው። ይህን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው።

እና እኔ እንግዳ ነኝ?

ሱቁ ጋ ደረስኩ። ውስጥ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ይንጎራደዳል። በሩ ላይ ቀዳዳ ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሦስት ቦንዳ ጨርቅ አለ። ሳቄ መጣ። ማንን ሊያታልሉ ነው? ሱፍ ለባሹን ገላመጥኩና ለሽማግሌው ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«ጋሼ፣ ሻጭ ይፈልጋሉ አሉ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ኮቴን አለፉት። ትከሻዬ ላይ ቆዩ።

«መሸከም ትችላለህ?»

ፈተና ነው አልኩ በሆዴ። «እንዴታ ጋሼ!»

«ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

ሦስቱንም ቦንዳ አንድ በአንድ ከነኮቴ አወጣሁ። እሳቸው ባዶ እጃቸውን እየተከተሉ ቀስ በል፣ ግድግዳውን እንዳትፍቅ ይሉኛል። ባለቤት ካልሆነ ለግድግዳ ማን ይጨነቃል? በመጨረሻ ፎቅ ላይ ያለው ጨርቅ ነጋዴ የተሸካሚ ዋጋ ከኪሱ አወጣና ለሳቸው ሰጣቸው።

ያኔ ገባኝ። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። ሲኒማ ራስ አካባቢ የሚሠሩ ኩሊ ናቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣» አሉኝ። «ኮት የለበሰ ሰው እጅ ነስቶኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። ወገቤም ደስ አለው።»

ስንወርድ ሱፍ ለባሹ በሩ ላይ ቆሟል። የሱቁ ባለቤት ለካ እሱ ነው፤ ከድር ይባላል። ሱፉን ሚስቱ ናት ለመክፈቻው ቀን በግድ ያስለበሰችው። ያን ቀን ካልሆነ ሱፍ ለብሶ አይቼው አላውቅም።

«ለሻጭነት ነው የመጣኸው? ዋስ አለህ?» አለኝ።

ልሄድ ዞርኩ። አምስተኛው ሱቅ መሆኑ ነው። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ አለሁ።»

ከድር ዞሮ አያቸው። ቀዳዳውን ሹራብ አየ። ኮንጎውን አየ። ኮት የለበሰ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሳቸው፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲሸከምላቸው አይቷል። እሱም የመርካቶ ልጅ ነው፤ ልብስ ገልብጦ ያነባል። ፊቱ በራ።

«እርስዎ ካሉማ ወረቀት ምን ያደርግልኛል!» ብሎ ወንበር አቀረበላቸው።

እንዲህ ሆኜ ተቀጠርኩ። ይኸው ዓመታት አለፉ። ጋሽ ወልዴ በየቀኑ ብቅ ብለው በዚያች ወንበር ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ከድር አልፎ አልፎ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ፣ የትኛው ሕንጻ ነው የሳቸው ይለኛል። እንዲወራባቸው አይወዱም እለዋለሁ። ውሸቴን ነው?

ባለፈው በዓል ግን ሆዴ ባባ። አባት ቢኖረኝ የማደርገውን ላድርግ ብዬ አዲስ ሹራብ ገዛሁላቸው። ዳበሱት። አሸተቱት። ከዚያ አጥፈው መለሱልኝ።

«አብደሃል? ከድር ይሄን ለብሼ ካየኝ ምንም እንደሌለኝ ያውቅብኛል። ከሥራ ትባረራለህ!»

አዲስ ሹራብ አይጣል። በማግስቱ እኔው ለብሼው ሱቅ ገባሁ። ከድር አየኝና ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ምነው፣» አለኝ በሐዘኔታ፣ «ቸገረህ እንዴ?»