ለኮምፒውተር የተተከለ ድንኳን

ኮምፒውተር ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል እንዴ? እናንተ ሰፈር አላውቅም። እኛ ሰፈር፣ እዚህ የካ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ተደርሷል። ድንኳን ሁሉ ተተክሏል። ካጋነንኩ እንጦጦ ይናድብኝ! እስካሁን አልተናደም፤ ወጥታችሁ እዩት።

ሟቹ የመምህር ይርጋ ኮምፒውተር ነው። መምህር ይርጋ ጎረቤቴ ነው፤ ሥራው ስለ ኮምፒውተር በአማርኛ መጽሐፍ መጻፍ ነው። ስንት ጻፈ አትበሉኝ። መጽሐፎቹ ቢነባበሩ እነሱን እንደ ደረጃ ረግጦ እንጦጦ አናት ላይ ኪዳን ማድረስ ይቻላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እሱ ሲጽፍ ኮምፒውተር ይሸሻል። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቶ እስኪወጣ ፕሮግራሙ ተቀይሮ ይጠብቀዋል። «እዚህ ጋ ያለውን ምልክት ይጫኑ» ብሎ ያሳተመው ምልክት በማግስቱ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቁን ይጥላል። እሱ ግን «በአዲሱ እትም ይስተካከላል» ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ድሮ ቢሆን ገዳም ነበር የሚያስገባው።

አንድ ልማድ አለው። አዲስ መጽሐፍ ሲጽፍ ወሰን ሰፈር ወርዶ አንድ ቅጂ ፕሪንት ያስደርጋል። ሁለት እንዳይል ዋጋው እሳት ነው። ያችኑ አንዷን ምዕራፍ በምዕራፍ ይለያይና ለየጎረቤቱ ያድላል። ለአስተያየት። እኛም መንገድ ላይ ስናገኘው እንሰጣለን፦ «ግሩም ነው መምህር! እጅህ ይባረክ!» ማን አንብቦ? ይሉኝታ ሲያነብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይሄኛው መጽሐፍ ግን ከሁሉም ይለይበት ነበር። እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስልካቸውን ይዘው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ «እስቲ ክፈትልኝ» እያሉ ሲለምኑ ነው ያረፉት። ያ ቆጨው። እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ ማንንም ሳይለምን እንዲማር ብሎ የጀመረው ነው።

የመጨረሻ እርማቱን ሲያርም መብራት ሄደ። መሄዱስ ግድ የለም፣ ልማዱ ነው። ጉዱ አመጣጡ ላይ ነው። እንደ መብረቅ መጣ። ኮምፒውተሩ ጢስ አለና ጸጥ! ፍላሽስ? ነበረችው እንጂ፤ እንደ ማተብ ካንገቱ አይለያትም። ያን ሰዓት ግን እዚያው ላይ ተሰክታ ነበር። አብረው ሄዱ። መገናኛ ያለው ጠጋኝ ገልብጦ አየና «ነፍስ ይማር» አለው።

ባለቤቱ ዘነበች ይህን ስትሰማ ለቀቀችው። «ኡኡ! ልፋቱን! ድካሙን!» እኛ ሰፈር ኡኡታ ሲሰማ መጀመሪያ ይደረሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስደርስ የእድራችን ዳኛ ቱሉ ድንኳኑን አጋምሶታል።

«ማን ነው ቱሉ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ! አንተ ያንን ገመድ ያዝ።»

ነገሩ ሲጣራ ኮምፒውተር ሆነ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እንሂድ ወይስ እንቀመጥ? ቱሉ ቆጣ ብሎ፣ የተተከለ ድንኳን ሰው ሳይቀመጥበት አይነሳም፣ ለእድሩም ገድ የለውም አለ። ተቀመጥን። ንፍሮም መጣ።

መምህር ይርጋ ጥግ ይዞ አቀርቅሯል። «በቃኝ» አለ። «ከእንግዲህ ብዕር አላነሳም።» ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። ለሰው «እግዜር ያጽናህ» ይባላል። ለመጽሐፍ ምን ይባላል? አፌን በንፍሮ ያዝኩ።

ይኼኔ ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ ጎሮሮዋን ጠረገች። «መምህር፣ ያ የሰጠኸኝ ወረቀት ከዚሁ መጽሐፍ ነው እንዴ?»

ቀና አለ። «የትኛው ምዕራፍ?»

«እሱን እንጃ። ቁም ሳጥኔ እግር ሥር ያለው።»

ሁላችንም የየራሳችን ትዝ አለን። ከዚያ አንድ ሰው ተነሳ። ሌላው ተነሳ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ሮጠ። አስካለ የቁም ሳጥኑ እግር ማኅተም ያረፈበትን ይዛ መጣች። ቱሉ ከዶሮው ጎጆ አውጥቶ ላባውን እያራገፈ መጣ። የእኔው የቫይረስ መከላከያው ምዕራፍ ነበር፤ የተሰበረው መስኮቴ ላይ ተለጥፎ የእንጦጦን ነፋስ ሲከላከልልኝ ከርሟል። መቼም ከመከላከል ሥራው አላወጣሁትም።

መምህር ይርጋ እየተቀበለ ፊቱ ጠቆረ። ማን አይጠቁርበትም? «ግሩም ነው ብላችሁኝ አልነበር?» አለ፣ አስካለን እያየ።

«ግሩም ነው እንጂ!» አለችው። «ቁም ሳጥኑ መንገዳገዱን ተወ እኮ!»

ሳቁ አመለጠው። ለቅሶ ቤት እንዲያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ድንኳኑ ከነካስማው ሊነሳ ምንም አልቀረው። ከዚያ እዚያው ተንበርክኮ ወረቀቶቹን ያደራጅ ጀመር።

አንድ ምዕራፍ ብቻ ጎደለ። የትኛው ቢሆን ጥሩ ነው? «ጽሑፍዎ እንዳይጠፋ ቅጂ ያስቀምጡ» የሚለው! እሱ የደረሳት የቱሉን ልጅ ጫልቱን ነበር። ሲ.ኤም.ሲ ካለው ቢሮዋ ስትመለስ ድንኳኑ በር ላይ ያዝናት።

«መምህር፣ እኔ እኮ አንብቤዋለሁ!» አለች። «ሲሪየስሊ፣ በጣም ነው የወደድኩት! ስለወደድኩት ለቢሮ ጓደኛዬ አዋስኳት፤ እሷም ወዳው ለእጮኛዋ ሰጠችው፤ እጮኛዋ ደግሞ...»

እጮኛዋ ጋ ዱካው ጠፋ።

አያችሁልኝ? አንብቡ፣ አንብቡ ይሉናል። ሰፈሩ በሙሉ አንባቢ ቢሆን ኖሮ ያ መጽሐፍ ይሄኔ አፈር ለብሷል። ያላነበብነው አተረፍነው፤ ያነበበችው አንዷ አጠፋችው።

መምህር ይርጋ የጎደለውን እንደገና ጻፈ። ትናንት ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ደጄ መጣ።

«ጋሼ፣ አደራ» አለኝ።

«አስተያየቴን መቼ ልስጥህ?» አልኩት።

መስኮቴን አየት አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«አስተያየቱ ይቅር። ብቻ እባክዎ እንዳያነቡት።»