ነው ወይስ ይሁን?

በዚህ ከተማ በሰዓቱ ያለቀ ስብሰባ ካለ፣ ጋሽ መኩሪያ አልተጠሩም ማለት ነው። እንደሳቸው ያለውን ሰው የማያውቅ ማን አለ? ሰብሳቢው «እንግዲህ ጨርሰናል፤ በሰላም ያግባን» ብሏል፤ ቦርሳ ተነሥቷል፤ ወንበር ተንኳኩቷል፤ የቸኮለውም በሩን ከፍቷል። ይኼኔ ከመካከል አንድ እጅ ቀስ ብሎ ይወጣል። «አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ።» ትንሽ ማለታቸው ለወጉ ነው። ጥያቄዋ እናት ናት፤ ልጆቿን ከኋላዋ አስከትላ ነው የምትመጣው።

ክቡር ጠያቂው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል፣ ሚዛን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ገርጂ በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም የብሎኩ ኮሚቴ አንድ ሰው በአንድ ስብሰባ ከሁለት ጥያቄ በላይ እንዳይጠይቅ ወስኖ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ውሳኔውን በአክብሮት ተቀብለው፣ አንደኛ፣ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ እንደሆነ፣ ሁለተኛ፣ ከትዳር ጓደኛ ጥያቄ መዋስ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺአረግ ስብሰባ ላይ ተናግረው ስለማያውቁ፣ ያ ቤት እስከ ዛሬ አራት ጥያቄ አለው።

ዘንድሮ ደግሞ ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጃቫስክሪፕት የተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ የሚሰጥበት የጀማሪዎች ክፍል ገቡ። ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። አስተማሪዋ ኣርያም የሃያ አራት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ ይኼ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ እሱም ቢሆን የሦስት ወር ሙከራ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኣርያም እንደተማረችው አስተማረች። ቫሪያብል ማለት ስም የተጻፈበት ሣጥን ነው፤ ውስጡ አንድ ነገር እናስቀምጣለን፤ ካስፈለገን ያንን አውጥተን ሌላ እንተካለን። ጋሽ መኩሪያ ተነሡ። ሲጠይቁ ይቆማሉ፤ ሲቆሙ ኮታቸውን ይቆልፋሉ።

«መምህርት፣ የወጣው ዕቃ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም ጋሼ። ይጠፋል።»

«ማን ፈርሞ?»

ክፍሉ ሳቀ። ኣርያምም አብራ ሳቀች፤ ጥያቄው ግን ታክሲ ውስጥ አብሯት ተሳፈረ፣ ራት ላይም አጠገቧ ተቀመጠ። እሑድን ስታነብ ዋለች። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትማር ከሣጥኑ የወጣው ነገር የት እንደሚገባ አንድም ቀን አስባ አታውቅም ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ የባሰ ሆነ። ጃቫስክሪፕት በፊደላችን የተጻፈ ስም አይጠላምና፣ ሰሌዳው ላይ «ክብደት = ክብደት + 1» ብላ ጻፈች። ኮት ተቆለፈ። ጋሽ መኩሪያ በትልቅ ይቅርታ፣ የተጻፈው ነገር ውሸት መሆኑን አስታወቁ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከራሱ በአንድ የሚበልጥ ዕቃ መዝነው አያውቁም። ምልክቱ የሒሳቡ «እኩል ነው» እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ አስረዳች። በአራተኛው ሲደክማት ዝም ብላ በአማርኛ አነበበችው፦ «ክብደት፣ በነበረው ላይ አንድ ተጨምሮ ይሁን።»

«እ! ትእዛዝ ነዋ» አሉ፤ የኮታቸውንም ቁልፍ ፈቱ። «‹ነው› አይደለም ለካ፤ ‹ይሁን› ነው።»

ሦስት ተከታታይ እኩል ምልክቶች (===) ሲመጡ ክፍሉ ኣርያምን ሳይጠብቅ ራሱ ፈታው። ያኛው አያዝም፤ የሚጠይቀው «ነው ወይ?» ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል አንዱ ምልክት «ይሁን»፣ ሦስቱ «ነው ወይ» ተብለው ቀሩ። ይኼ ሁሉ አንድ ሰዓት ፈጀ። ዕቅዱ የሰጠው ዐሥር ደቂቃ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሀይሚ የምትባል ቀልደኛ ተማሪ ፕሮግራሟ አልሠራ አላት። ላይ የተሰየመውን ታች ስትጠራው ኮምፒውተሩ አላውቀውም ይላል። ኣርያም ቅንፉንም ነጥቡንም መርምራ ምንም አጣች። ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና፣ «የላዩ ‹ሰዓት› ዓይኑ ዓ ነው፣ የታቹ አልፋው አ ነው። ይኼ ኮምፒውተር የሚሉት ሰውዬ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቷል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ነገሩ እሱው ነበር። ለኛ አንድ የሆነው ድምፅ ለማሽኑ ሁለት ስም ነው። የቀረውን ጊዜ ሐመሩን ሐ ከሀሌታው ሀ፣ እሳቱን ሰ ከንጉሡ ሠ ስንለይ ዋልን እያሉ ተማሪዎቹ ወጡ።

አራተኛው ቅዳሜ ሲደርስ ክፍሉ ገና ኦፕሬተር በሚባሉት የስሌት ምልክቶች ላይ ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት አቶ ፊሊጶስ ዓርብ ዕለት ኣርያምን ጠርተው፣ ነገ ከኋላ ተቀምጠው እንደሚከታተሉ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ፈንክሽን የሚባለው ምዕራፍ ካላለቀ ክፍሉ ለሌላ አስተማሪ እንደሚሰጥና የሷም ሙከራ እዚያው እንደሚያበቃ ነገሯት። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚሞሉት የግምገማ ቅጽ ግን ቅጽ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደረጃው ላይ ጋሽ መኩሪያን አግኝታ ነገሩን አልደበቀቻቸውም። ለዛሬ ብቻ እንዳይጠይቁ ለመነቻቸው። ሥራዋ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቃል ገቡ።

ትምህርቱ በረረ። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት አለቀ። አምስት ሰዓት ላይ ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ ሲጠሩት ሥራውን ሠርቶ መልስ ይዞ የሚመለስ የትእዛዝ ጥቅል፣ ተጀመረ። ኣርያም ስትጽፍ የራሷ ፍጥነት ገረማት። ገጹ ላይ ካሉ ሁለት ባዶ ቦታዎች የተጻፈውን ተቀብሎ የሚደምር ፈንክሽን ሠራችና ሀይሚን ሞክሪው አለቻት። ሀይሚ ሁለት ጻፈች። ደግማ ሁለት ጻፈች። ስክሪኑ ላይ 22 ወጣ።

«ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ ወራጅ አለ» አለች ሀይሚ፣ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ፊሊጶስ አልሳቁም፤ ቅጹ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ምክንያቱን ኣርያም ታውቀዋለች፤ ግን ማስረዳቱ ጊዜ ይበላል። ሌላ ቀን እናየዋለን አለች። ተማሪዎቹ የገባቸው መስለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ መነቅነቅ ምን እንደሆነ አላጣችውም፤ እሷም አራት ዓመት ነቅንቃ ነው የተመረቀችው።

ዞር ስትል ጋሽ መኩሪያን አየች። ቅዳሴ መሐል ማስነጠስ የመጣበት ሰው ይመስላሉ። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ጨብጠው ይዘውታል። ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቷል፤ የሚቀረው ፈንክሽኑ መልሱን እንዴት ይዞ እንደሚመለስ ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ ደግሞ ይበቃል። ኣርያም ቅጹን አየች፤ የተጨበጠውን እጅ አየች።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ይጠይቁ።»

«ይቅርብኝ መምህርት። ቃል አለብኝ።»

«ፈትቼዎታለሁ።»

ተነሡ። ቆለፉ። «እኛ ዘንድ ሁለት ሁለት ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ካርቶኖች ቢመጡ፣ አንድ ላይ ሚዛን ላይ ካወጣኋቸው አራት ኪሎ ናቸው። የተለጠፈባቸውን «2» የሚል ወረቀት ልጬ ጎን ለጎን ባስቀምጠው ግን የሚነበበው ሃያ ሁለት ነው። ይኼ ምልክት የደመረው ዕቃውን ነው ወይስ ወረቀቱን?»

አራት ቅዳሜ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው ፈቲያ ከጥግ «ወረቀቱን» አለች። ገጹ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ቁጥር ቢመስልም ለማሽኑ ጽሑፍ ነው፤ ቁጥር እንዲሆን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መንገር አለበት። ኣርያም ይኼን ብላ ሳትጨርስ ሀይሚ እጇን አወጣች፤ መቀነስስ? ሞከሩት። ከአምስት ላይ ሁለት ሲቀነስ ሦስት ወጣ። መደመሩ ወረቀት ሲያስቀጥል መቀነሱ ዕቃ የሚመዝነው ለምንድን ነው? አሁን ሰባት እጅ ወጥቷል። አንዱ ቆሞ ነው የሚጠይቀው፤ ቲሸርት ባይለብስ ኖሮ ይቆልፍም ነበር። ስድስት ሰዓት አለፈ። ፈንክሽኑ መልስ ይዞ ሳይመለስ ክፍሉ ተበተነ።

አቶ ፊሊጶስ ኮሪደሩ ላይ አስቆሟት።

«አልጨረስሽም።»

«አልጨረስኩም።»

«ሰውዬው ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

«ዛሬ ቀንሰውልኝ ነው።»

ቅጹን አገላበጡት። የጎረቤቱ ክፍል መጽሐፉን በሦስት ሳምንት እንደጨረሰ፣ ከሃያ አራቱ ተማሪዎች ግን ሳያቋርጡ የሚመጡት ዐሥራ አንዱ ብቻ እንደሆኑ ነገሯት። ከሷ ክፍል ስንት ሰው እንዳቋረጠ ጠየቁ። ማንም አላቋረጠም። ጥቂት አሰቡና ዕቅዱ ላይ ሁለት ቅዳሜ ጨምረው፣ ፈርመው፣ ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ጋሽ መኩሪያ ደረጃው ላይ፣ እንደ ጥፋተኛ ቆመው ይጠብቋታል። ሥራዋ እንዳልተነካ ስትነግራቸው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። እሷም ወደ ታክሲው መሮጧን ትታ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አሁን ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ለመሆኑ እርስዎ ይኼን ትምህርት ለምን ፈለጉት?»

አጠገቧ ቀስ ብለው ተቀመጡና አጫወቷት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየሄዱበት ቢሮ መስኮት መልሱ አንድ ነው፤ ሲስተም የለም፣ ሲስተሙ አይቀበልም፣ ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ። ይኼ ሲስተም የሚባለው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ዕድሜ ልካቸውን አለቃቸውን በስሙ ሲጠሩ የኖሩ ሰው፣ በስተርጅና የሚያዝባቸውን ፊቱን ሳያዩ መቅረት ከበዳቸው።

«ታዲያ አገኙት?»

«ዛሬ በጨረፍታ ያየሁት መሰለኝ፣ ልጄ። ዕቃና ወረቀት የማይለይ፣ ካልነገሩት ምንም የማያውቅ ምስኪን ነው» አሉ ጋሽ መኩሪያ፤ ወደ ጎዳናው እያዩ። «እኔ እኮ ስፈራው ነው የኖርኩት።»