ጨረር የማያሳልፈው በርኖስ

ጨረር የሚፈራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ጎረቤት እንዲህ ያለ ሰው ነው። መንዝ ሞላሌ ውስጥ ከቤታችን በላይ የሞባይል ማማ በተተከለ ሰሞን፣ በርኖስ ሠሪው ሸዋንግዛው ነፍሰ ጡር ምራቱን በወፍራም የሱፍ በርኖስ ጠቀለላት።

"የመንዝን ውርጭ የማያሳልፍ ሱፍ ጨረር ያሳልፋል እንዴ?" ይለኛል። ልጅቱ በቀትር ፀሐይ ላብ በላብ ሆናለች።

ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል የለየሁ፣ ሬዲዮ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ይህን እያየሁ ዝም ልበል? ዱካዬን ይዤ ወጣሁና ቀኑን ሙሉ ከማማው ሥር ተቀመጥኩ። ሲመሻሽ ወደ ልጅቱ ሄጄ፣ "ይኸው፣ ምን ሆንኩ?" አልኳት።

"እርስዎማ ምን ይሆናሉ፣ ጋሼ? ወልደው ጨርሰዋል" አለችኝ ሆዷን ይዛ።

ዱካዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ስመለስ እውነቷን መሆኑ ገባኝ። ማማውን የተከሉት ሰዎች መሬቱን ለክተው ሄዱ እንጂ፣ ማን ቁጭ ብሎ ስለ ሆዷ አነጋገራት? ያልተነገረው ሰው ቢፈራ ይፈረድበታል?

በማግስቱ እሷንም ሸዋንግዛውንም ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ የፅንሱን ልብ ምት አዳመጠች።

"ልጅሽ ደህና ነው። ማማውን አትፍሪ፤ ይልቅ ይህን በርኖስ አውልቂ፣ የሚያደክምሽ ሙቀቱ ነው" አለቻት።

ልጅቱ እንባዋ እየወረደ አወለቀችው። ሸዋንግዛው ግን ደረቱን ነፍቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ሰማህ? ልጁ ደህና ነው! በርኖሴ ሠርቷል ማለት ነው።"