ወንዝ ይወስደዋል ባዩ ኃላፊ

«ወንዝ ይወስደዋል» ባይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከቴፒ ወዲህ ባለችው ከተማችን ገጥሞኛል። የቡና መጋዘን ቢቃጠል ተብሎ የመጣው የእሳት ማጥፊያ አረፋ ጊዜው አልፎበት ነበር። የማዘጋጃ ቤታችን ኃላፊ አረፋው ያለባቸውን አራት ጀሪካኖች በሰው አሸክመው፣ ልብስ ከምናጥብበት ወንዝ ሊያስደፉት መጡ።

«ጋሼ፣ ጀሪካኑ ላይ የሞተ ዓሣ ተስሎበት የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ወንዝ መቼ ዓሣ ኖሮት ያውቃል? ይወስደዋል!»

«ወዴት?»

«ወደ ታች ነዋ!»

ታች ልጆቻችን የሚጠጡት ውሃ ይቀዳል። እሳቸው ግን ከዓይናቸው የራቀ ሁሉ ከዓለም የጠፋ ይመስላቸዋል። ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር ከተሸካሚዎቹ ተቀብለን አንድ አንድ ጀሪካን ተሸክመን ቢሯቸው ድረስ ወሰድንና ከወንበራቸው ጀርባ ደረደርነው።

«በወጉ የሚያስወግደው ሰው እስኪመጣ እዚሁ ይቆያል፣ ጋሼ።»

ይኸው፣ «ውሰዱልኝ» እያሉ ለክልሉ በየቀኑ ደብዳቤ ይጽፋሉ። እኛም ክዳኑ አለመከፈቱን በየማለዳው ገብተን እናያለን።