የሐጂ አውሮፕላንና የእህል ሚዛን

ሰው ደህንነቱን የሚወደው ሌላው ሲጠነቀቅለት ነው። ሌላው ቸኩሎ ሹፌሩን «ንዳው እንጂ!» ሲለው እብድ ነው እንላለን፤ እኛ የቸኮልን ዕለት ግን እብዱ ቀስ ብሎ የሚነዳው ሹፌር ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የእሳት ማጥፊያ ሰቅለናል። ጎብኚ ሲመጣ አቧራውን እናራግፍለታለን። እንዴት እንደሚከፈት የሚያውቀው ሰው ግን ወይ ጡረታ ወጥቷል ወይ ዝውውር ጠይቋል። ጥንቃቄን የምንጠላ ሰዎች ነን ማለቴ አይደለም። ተራው የእኛ እስኪሆን ድረስ አጥብቀን እንወደዋለን።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ከአውሮፕላን ተነሥቼ ነው።

ወልድያ ውስጥ ማኔጅመንት የሚያስተምር፣ ከቤቱ ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ በባጃጅ የሚመላለስ ሰው ከአውሮፕላን ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ያገናኙን ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ሐጂ የግራና ተወላጅ ሲሆኑ በሰሊጥና በጭነት መኪና ከብረው አዲስ አበባ ከተቀመጡ ቆይተዋል። አላህ ሲሰጥ አይሰስትምና አንድ ቀን ለሥራ ጉዳይ የምትሆን ትንሽ አውሮፕላን ገዙ። መርሳ አጠገብ ሜዳ አስፈቅደው አስደለደሉ። «በቃ፣ ከእንግዲህ የደሴን ዳገት የሚያይ ዓይን የለኝም» ብለው ዘመድ አዝማድ ሰብስበው ዱዓ አስደረጉ።

ዱዓው ሳይበርድ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። አውሮፕላኑ የግል ቢሆንም፣ ትኬት ባይቆርጥም፣ የደህንነት አስተዳደር ሥርዓት ሊኖረው ይገባል አሏቸው። ሐጂ ቅር አላቸው። «ዘበኛ ቀጥሬያለሁ እኮ፤ ያውም ሁለት!» አሉ። እንደሱ አይደለም ተባሉ። አደጋው ሳይመጣ እየፈለገ የሚያገኝ፣ ያገኘውንም ለባለቤቱ ፊት ለፊት የሚናገር፣ ስለተናገረም የማይባረር ኃላፊ ይሹሙ ተባሉ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ፣ እንደነገሩኝ፣ «እኔን የሚቆጣኝ ሰው በደመወዝ ቅጠር ነው የምትሉኝ?» ብለው ጠየቁ። አዎ ተባሉ። «እሱማ ቤቴም አለ» አሉ፤ ሚስታቸውን ማለታቸው ነው። የሚስት ቁጣ ደንቡን አያሟላም ተብሎ የወንድማቸውን ልጅ ያስተማርኩት እኔ ታሰብኩ። ለአገር ቅርብ ነው፣ አንገት ደፊ ነው፣ ብዙ አይናገርም ተባለልኝ። ለሚናገር ሰው ቦታ የማይናገር መረጡ።

ስለ ሹመቴ ስም አንድ ነገር ልበላችሁ። አማርኛችን «ደህንነት» የሚለውን ቃል ለሁለት ሥራ ነው የሚያውለው። እኔ የአውሮፕላን ደህንነት ኃላፊ ሆንኩ፤ ወልድያ የሰማችው ግን «መምህሩ ደህንነት ሆነ» የሚለውን ብቻ ነው። የምቀመጥበት ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል፤ ሁሉም ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። ፀጉር አስተካካዬ ሳልጠይቀው የማንም ደጋፊ እንዳልሆነ ነገረኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ ስለተናገረው ነገር ለብቻዬ ጠርቶ «እንዲያው ለቀልድ ነበር እኮ» አለኝ። አውሮፕላን ነው፣ ስለ ወፍና ስለ ነፋስ ነው ብዬ ብምል «ገብቶናል፣ ገብቶናል» እያሉ ይጠቅሱኛል።

እኔ ግን እውነትም ስለ ወፍና ስለ ነፋስ ነበር የምጨነቀው። ሜዳውን ሄጄ ሳየው የመርሳ ሰው በእንዲህ ያለ ድልዳል ቦታ ላይ አውሮፕላን ብቻ ይረፍበት የሚለውን ሐሳብ ጨርሶ እንዳልተቀበለው ገባኝ። በአንዱ ዳር ማሽላ ይወቃል፤ በሌላው ዳር ኳስ ይጠለዛል፤ መሐል ለመሐል ወደ ገበያ የሚያቋርጥ የአህያ መንገድ ወጥቷል። ይህን ሁሉ እያስጠነቀቅን፣ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም እያስነገርን፣ ሽማግሌ እየላክን አስለቀቅን። ሐጂ በሥራዬ ተደሰቱ። ወልድያ ሆቴል ውስጥ ምሳ ጋብዘው የደህንነት መመሪያውን በአደባባይ ፈረሙ። «በረራው አደገኛ መስሎ የታየው ማንኛውም ሠራተኛ የማስቆም መብት አለው» የሚለው ሲነበብ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔንም ቢሆን!» ብለው ከራሳቸው ጨመሩበት። ተጨበጨበ።

ከዚያ የወንድማቸው ልጅ ኒካህ ደረሰ።

ሐጂ ሦስት ነጋዴ ወዳጆቻቸውን ይዘው ጠዋት በቀዝቃዛው አየር በረው መጡ፣ ግራና ላይ ተበላ፣ ተጠጣ፣ መንዙማው ደመቀ። መመለሻው በጊዜ ነው ተብሎ ነበር። ግን በእኛ አገር ከሰርግ ቤት በጊዜ የወጣ ሰው ማን አለ? ሜዳው ላይ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሀብሩን ቆላ ታነደዋለች። በዚህ ላይ ዘመድ ለሐጂ ያዘጋጀው ስጦታ ቀድሞን ደርሷል። ማንጎ በሳጥን፣ ማር በጀሪካን፣ ከነነፍሱ የታሰረ ሙክት። ከሙክቱ ጎን ደግሞ ነጠላቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አሮጊት አሉ። የሐጂ አክስት እማ ዘሃራ ናቸው።

የእማ ዘሃራ ነገር ቀልድ አልነበረም። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። በማግሥቱ ጠዋት አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ይጠብቃቸዋል፤ ቀጠሮው የተገኘው በብዙ ልመና ነው። በመኪና እንዳይሄዱ ገና ውጫሌ ሳይደርሱ ያስመልሳቸዋል፤ አንድ ጊዜ ተሞክሮ ከመንገድ በቃሬዛ ነው የተመለሱት። «ሰማይ ለሰማይ ከሆነ እሄዳለሁ፤ ጠመዝማዛው ነው እኔን የሚገለኝ» ብለው ነበር የተስማሙት።

አብራሪዋ ካፒቴን ቤዛ ትባላለች። ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ልጅ ናት። እቃውን አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ ፀሐይዋን አየች። ሙቀት ሲበረታ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ የእኛ ሜዳ ደግሞ አጭር ነው አለች። ከዚያ እያንዳንዱን ተሳፋሪ ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠየቀች። ሦስቱም ነጋዴዎች፣ እንደተመካከረ ሰው፣ ሰባ አሉ። አንደኛው ይህን ያለው ቀበቶው ከሆዱ ሥር ጠፍቶ ሳለ ነው። ሐጂም አገጫቸውን አሻሽተው «እኔም እዚያው ሰባ ላይ ነኝ» አሉ።

ካፒቴን ቤዛ ወደ እኔ ዞራ በትሕትና ሚዛን ይምጣ አለች።

ሚዛን ከየት ይመጣል? ከመርሳ እህል ነጋዴ በባጃጅ መጣ፤ ማሽላና ጤፍ በጆንያ የሚመዘንበት ባለ ብረቱ። እንግዲህ አስቡት። ሰርገኛው ከነዘፈኑ ተከትሎን መጥቷል፣ ገበያተኛው ቆሟል፣ በሕዝቡ መሐል የአገሩ ታላላቅ ሀብታሞች እንደ ጆንያ ተራ በተራ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ባለ ሚዛኑ በለመደው በገበያ ድምፁ ኪሎውን ይጣራል፤ ሕዝቡ «ማሻአላህ!» እያለ ይቀበለዋል። አንደኛው ነጋዴ ጫማውን አወለቀ። ሌላው ስልኩን ለጓደኛው አስያዘ፤ ጓደኛው ግን ቀጣዩ ተመዛኝ ነበርና ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጠው። ሐጂ ሲወጡ ብረቱ ሲጢጥ አለ። ባለ ሚዛኑ አየ፣ ደግሞ አየ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በካፒቴኗ ጆሮ ነገራት። ሕዝቡም ከጩኸቱ በላይ ከሹክሹክታው ተረድቶ ከፍ ያለ ማሻአላህ አሰማ።

ካፒቴኗ ደመረች። ሙክቱ ቀረ። ማሩ ቀረ። ማንጎው ቀረ። እንደገና ደመረችና ራሷን ነቀነቀች። ከሰዎቹም አንድ መቅረት አለበት።

ነጋዴዎቹ ሁሉም ማታውኑ የማይቀርበት ስብሰባ ነበራቸው። ከዚያ ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እማ ዘሃራ ዞረ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አክስቴ፣ አንቱ በሌላ ቀን ብትሄዱስ?» አሉ። እማ ዘሃራ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በዳሰሳ ለመነሣት ሞከሩ፤ አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝና እጅጌዬን ያዙኝ። ካፒቴኗ ግን እሳቸውን ማውረድ አይበቃም አለች፤ እንደ ላባ ናቸው፣ ቢቀሩ ያው ነው።

ሐጂ ተቆጡ። «ለመሆኑ አውሮፕላኑ የማን ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው» አለች።

«እንግዲያው አስነሺ!»

ካፒቴን ቤዛ ቁልፉን ኪሷ ከትታ ክንፉ ጥላ ሥር ቁጭ አለች። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ኃላፊ አይደለህም? ንገራት እንጂ!»

አንገት ደፊ ነው ተብዬ እንደተቀጠርኩ አትርሱ። ከሜዳው ዳር የቆመውን ግራር አየሁ፣ ከግራሩ ማዶ ያለውን ገደል አየሁ፣ እጅጌዬን የያዘውን እጅ አየሁ። «ሐጂ፣» አልኩ፣ ድምፄ የራሴ አልመስል ብሎኝ፣ «እርስዎ ቢቀሩ ይበቃል።»

ሰርገኛው ዘፈኑን አቆመ። ሙክቱ ብቻ ነበር የሚናገረው።

«የፈረምኩት እኮ ለሠራተኛ ነው፤ ባለቤት ይውረድ ይላል?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔንም ቢሆን ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

ላብ በፊታቸው ሲወርድ አየሁ። ወደ አክስታቸው ተመለከቱ፣ ወደ ሕዝቡ ተመለከቱ። ትልቅ ነጋዴ ትልቅ የሚሆነው ያለምክንያት አይደለም፤ ኪሳራን ወዲያው ወደ ትርፍ መለወጥ ይችልበታል። እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው «ጀመዓ! ለአክስቴ ስል፣ ለደህንነት ስል፣ እኔው እቀራለሁ!» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ወዲያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንተም ከኔ ጋር ትቀራለህ፤ እስከ ደሴ ትሸኘኛለህ» አሉኝ። ይህቺ ለደህንነት ስል የምትለው ውስጥ አልነበረችም።

አውሮፕላኑ ሜዳውን ከሞላ ጎደል ጨርሶት ነው የተነሣው። ጎማው ከግራሩ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ አለፈ። ሐጂ «ያ ረቢ» ብለው ሆዳቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ ስለ ሚዛኑ አንድም ክፉ ቃል አልተነፈሱም።

የሰርጉ መኪኖች ሙሽራዋን ይዘው ወደ ወልድያ ሄደዋል። የቀረን ሚኒባስ ነው። መርሳ መናኸሪያ ገብተን እስኪሞላ ጠበቅን። ሞላ፤ ከሞላ በኋላም ጠበቅን። አራት ሰው በሚቀመጥበት ስድስት፣ በስድስቱ ላይ ዶሮ፣ ጣሪያው ላይ አልጋና ቁም ሳጥን። ሹፌሩ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ በሌላው ጫት እየቀነጠሰ መሪውን ለአላህ ሰጥቶ ወጣ። ኩርባ ላይ አይሱዙ ሊቀድም ሲል ሐጂ ከፊት ወንበር ጮኹ።

ጮኸው ቢያበቁ ጥሩ ነበር። ግን የእኔ ሥልጠና ያፈራው ሰው ናቸው። ወደ ኋላ ዞረው ለተሳፋሪው ትምህርት ጀመሩ። ክብደት መመዘን እንዳለበት፣ አደጋን አስቀድሞ መፈለግ እንደሚገባ፣ ማንኛውም ሰው ጉዞውን የማስቆም መብት እንዳለው አስረዱ። አንዷ እናት «ኧረ ሐጂ፣ ይለፉን፤ ልጅ ታሞብኝ ነው» አለች። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሹፌሩ ግን ጨዋ ልጅ ነበር። ከውጫሌ ዳገት ሥር ቀስ ብሎ ዳር ያዘና በሩን ከፈተላቸው።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፤ «እንዲህ ከፈሩ ወላሂ የራስዎን መኪና ቢገዙ ነው የሚሻለው።»

ወረድን። ሚኒባሱ አቧራውን አልብሶን ሄደ። ሐጂ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ራቅ ብዬ ቆምኩ። ቅር ብሏቸው ይሆን፣ ሊያባርሩኝ ይሆን እያልኩ ሳሰላስል ስልኬ ጮኸ። ካፒቴን ቤዛ ነች። በደንባችን መሠረት በሰላም ማረፏን ማሳወቅ አለባትና በሰላም አርፈናል አለች። እማ ዘሃራ ሐጂን ማነጋገር ይፈልጋሉ ብላ ስልኩን ሰጠቻቸው። ለሐጂ አቀበልኳቸው፤ የእማ ዘሃራ ድምፅ ግን እኔም ድረስ ይሰማል።

«አንተ ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ ደረስኩ! አንተስ የት ደረስክ?»

ሐጂ ዳገቱን ቀና ብለው አዩት። «መንገድ ላይ ነኝ አክስቴ፣ እየመጣሁ ነው።»

«በምን?»

ሐጂ አቧራቸውን ማራገፍ ጀመሩ።

«አይዞህ» አሉ እማ ዘሃራ በርኅራኄ። «ይቺን ልጅ እለምንልሃለሁ። አውሮፕላኑ ሰፊ ነው፣ እሷም ደግ ናት፤ በሌላ ጊዜ ቦታ ከተረፋት አንተንም ትጭንሃለች።»