«ብርድ ነው» ያሉት ፕሮፌሰር

ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሞልቷል፤ ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለው ግን እስካሁን አልተሠራም። ለእኛ ሕንፃ የደረሰን በሕክምናው ዘርፍ የተሰማራው ነበር።

ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁስል አጥበዋል፣ መርፌ ወግተዋል። «ፕሮፌሰር» ያልናቸው ለማሾፍ ነበር፤ እሳቸው ግን የምር ተቀበሉት። ደረጃው ላይ ካገኙህ የዓይንህን ቆብ ገልብጠው ያዩና «ይሄማ ብርድ ነው» ብለው ያሰናብቱሃል። የእኔ የወገብ ሕመም ብርድ ነበር። የሁለተኛ ፎቋ አስተማሪ ራስ ምታት ብርድ ነበር። የጥበቃው የተሰበረ የእግር ጣት እንኳ ሦስት ቀን ብርድ ሆኖ ከርሟል። ላቦራቶሪ እሄዳለሁ ያለ ሰው ደግሞ ጉዱ ፈላ፤ ምርመራ ማለት የሌለህን በሽታ ፈልጎ ማግኘት ነው ብለው ይቆጡታል።

አምና እኚሁ ሊቅ ይከሱ ጀመር። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠለጠለ፣ አንገታቸው ሥር ንፍፊት ወጣ፣ ከግራ ጎድናቸው በታች ጣፊያቸው አበጠ፣ ትራሳቸው በላብ ይርስ ጀመር። ብርድ ነው አሉ። ባለቤታቸው እትዬ እኔ ዘንድ መጥተው ሲያለቅሱ ጊዜ፣ ሰውዬውን እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ የልጅ ልጃቸውን ታህላለች። ከንፍፊቱ ናሙና ወሰደች፣ ደማቸውን አስመረመረች። በሳምንቱ ሦስታችንንም አስቀምጣ ነገረችን። ሊምፎማ ነው፤ የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር። ደማቸው ውስጥ ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ ተገኝቷል፤ ሁለቱም የሚተዋወቁ ናቸው አለች። ቫይረሱ ጉበትን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ነጭ የደም ሴሎችንም ለዓመታት እየነካካ እረፍት ይነሳቸዋል። አብዛኛው ሰው እዚህ አይደርስም፤ አንዳንዱ ላይ ግን ሴሎቹ መባዛታቸውን ማቆም ያቅታቸዋል። በጊዜው ከተደረሰበት፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው የሊምፎማ ዓይነት፣ ቫይረሱ በክኒን ሲጠፋ አብሮ የሚከስምበት ጊዜ አለ። የእሳቸው ግን ወደ ፈጣኑ ተለውጧል።

«ቫይረሱ እንዳለብዎት ከዚህ በፊት የነገረዎት ሰው አለ?»

ፕሮፌሰር ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናዘዙ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደም ለግሰው፣ ስለ ውጤቱ መጥተው ያነጋግሩን የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። አንብበው ቀደዱት። ድሬሰር ታሞ ሲሰለፍ ሰው ምን ይላል ብለው ነው።

እትዬ ቦርሳቸውን ይዘው ተነሱና ራቅ ካለ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔም ያን ቀን ፕሮፌሰርን ላናግራቸው አልፈለግኩም።

ከሁለተኛው ዙር ኬሞ በኋላ ፕሮፌሰር በሬን አንኳኩ። ፀጉራቸው አልቋል። በድሮው ጊዜ ከሥራ መልስ እቤታቸው ጎረቤቱን ሁሉ ሲወጉ፣ አንዱን መርፌ እየቀቀሉ ለብዙ ሰው ይጠቀሙበት ነበር፤ ሲቸኩሉ ደግሞ ውሃው በደንብ ሳይፈላ ያወጡታል። ይህን የነገሩኝ ወለሉን እያዩ ነው። ከዚያ «ክንድህን ስጠኝ፤ የወጋኋቸውን ሁሉ እንዲመረመሩ ልነግራቸው ነው» አሉኝ።

አሥራ አራት በር አንኳኳን። በየበሩ አጥፍቻለሁ፣ ተመርመሩ አሉ። ያዘነላቸው ነበር፤ የሰደባቸውም ነበር። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ሁለተኛ ዓይንዎን እንዳላይ ብላ በሩን ላያቸው ላይ ዘጋችው። እኚያ ክርክር የማይጠግቡ ሰው ክንዴን ይዘው ወደሚቀጥለው በር አለፉ። በወሩ አረፉ።

ከአምስት ወር በኋላ ልብስ ሰፊዋ እኔ ጋ መጣች። በንዴት ሄዳ ተመርምራ ቫይረሱ ተገኝቶባት ነበር። ከእሳቸው መርፌ ይሁን ከሌላ ማንም አያውቅም። ክኒኑን ሦስት ወር ውጣ ጨርሳለች፤ የመጨረሻው ውጤቷ ንጹሕ ነው። ወረቀቱን ለማን እንደምታሳይ ግራ ገብቷት በእጇ ታገላብጠዋለች።

«ያስያዙኝም እሳቸው ይሆናሉ፣ ያተረፉኝም እሳቸው ናቸው» አለችኝ። «የቱን ልያዝ?»

እኔንስ ስንት ዓመት እንዳናደዱኝ ልነግራት ጀመርኩና አለቀስኩ። እሷም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።