ምች ከሆነማ ለእኔ ተዉት

የሕፃናት ሕክምና ክፍል ሐኪም ሊጎድለው ይችላል፤ አልጋም ሊጎድለው ይችላል። ሁሉን የምታውቅ አያት ግን ጎድላው አታውቅም። ሲስተር በነርስነት ዘመኗ ስንቷን አይታለች። የሁሉም ቁንጮ ግን ክብርት ፕሮፌሰር እማማ ነበሩ። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ራሷ ሲስተር ናት፣ ያውም በንዴት። ዛሬ ጡረታ ወጥታ ስታስታውሳቸው ትስቃለች፤ ያኔ ግን ደሟ ይፈላ ነበር።

እማማ የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሊያስታምሙ ነው። ሕፃኑ ገና ድክ ድክ አላለም። በተነፈሰ ቁጥር ጎኑ ይሰረጎዳል፤ ኦክስጅን ተደርጎለታል። ሐኪሙ “የሳንባ ምች ነው” ሲል፣ እማማ የሰሙት “ምች” የምትለዋን ብቻ ነው።

“ምች ከሆነማ ለእኔ ተዉት! ፀሐይ መትቶት ነው” አሉና መጋረጃውን ጋረዱ። ብርድ ደግሞ እንዳይደርብበት ብለው መስኮቱን ጠረቀሙት። ሲስተር ትከፍታለች፣ እማማ ይዘጋሉ። የጎረቤት አልጋዋን እናት የአስተቃቀፍ ትምህርት ሰጧት፤ የጽዳት ሠራተኛዋን የመወልወያ አያያዝ ሳይቀር አረሙ። “መርፌ የሌለው ሕክምና ደግሞ ምን ሕክምና ነው? እኔ ስንቱን አሳድጌያለሁ!” ይላሉ፣ በመሐረብ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

ከሕፃኑ አፍንጫ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ አጠገባቸው ተቀመጠ።

“እማማ፣ ይሄ እርስዎ የሚያውቁት ምች አይደለም፤ ቫይረስ ነው። መርፌው አይነካውም። እኛ በኦክስጅንና በፈሳሽ እንደግፈዋለን፣ የሚታገለው የራሱ ሰውነት ነው። እኔንና እርስዎን ጉንፋን ብቻ አስይዞ የሚያልፈው ቫይረስ፣ የሕፃን ሳንባ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል።”

እማማ እጃቸው ላይ ያለውን መሐረብ አዩት። “እኔኮ ጉንፋን ይዞኝ ስስመው ነው የከረምኩት” አሉ።

“ከማን እንደያዘው ማወቅ አይቻልም” ቢላቸውም አልሰሙትም። ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ልጃቸው፣ የሕፃኑ እናት፣ ብትለምናቸው፣ ብታለቅስባቸው፣ አልገባም አሉ።

ክፍሉ ጭር አለ። ሲስተር መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ የሚከራከራት ግን የለም። ደስ አላላትም። ይባስ ብሎ ሕፃኑ ጡጦውን አልቀበል አለ። እናቱ ብትሞክር፣ ሲስተር ብትሞክር ፊቱን ያዞራል። ምንም ሳይጠጣ ከዋለ ሊደክም ነው።

ሲስተር ወደ ኮሪደሩ ወጣች። “እማማ፣ ይነሱ። ልጁ ያለ እርስዎ ጭቅጭቅ መጠጣት አልለመደም። ማስክ ያድርጉ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ከዚያ እንዳሻዎ ይጨቅጭቁን።”

“ብገድለውስ፣ ልጄ?”

“አይገድሉትም። እኔ አለሁ አይደል?”

ገቡ። በማስኩ ውስጥ ሆነው ጡጦውን መውቀስ ጀመሩ፤ ቀዝቅዟል፣ ቀጥኗል፣ ማን ነው ያዘጋጀው? ሕፃኑ ድምፃቸውን ሲሰማ አፉን ከፈተ። ጠጥቶ ሲጨርስ እማማ ሊስሙት ጎንበስ አሉና ቆም አሉ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገልጠው፣ ማስኩን እንዳደረጉ ውስጥ እግሩን ሳሙት። ድኖ እስኪወጣ ድረስ ሌላ ቦታ አልሳሙትም።

ዛሬ ሲስተር ራሷ አያት ናት። ጉንፋን በያዛት ቁጥር ማስክ አድርጋ የልጅ ልጇን ውስጥ እግር ትስማለች። ልጇ “ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?” ስትላት ትስቃለች።

“ከአንዲት ነዝናዛ ሴትዮ” ትላታለች። “ምነው አሁን መጥተው በጨቀጨቁኝ!”